አለበልና ኮምፒውተሩ የሞቱበት ምሽት

አለበልን መጀመሪያ ያገኘችው የብርጓል ናት። የብርጓል ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት አላት፤ የአለበል የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ደግሞ ከእሷ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። አለበል ሚስት ስለሌለው የሚያድረው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጓዳ ነው። ጠዋት ጠዋት ሻይ ይዛለት ትገባለች፤ እሱም የትናንቱን ብርጭቆ ሳያጥብ ይመልስላታል። የዚያን ዕለት በሩን ገርበብ ብሎ አገኘችው። በክርኗ ገፋችው። መጀመሪያ ሻዩ ወደቀ፤ ቀጥላ እሷ።

አለበል በወንበሩና በፎቶ ኮፒ ማሽኑ መካከል በደረቱ ተደፍቷል። ጭንቅላቱ ከኋላ በኩል እንደተጨፈለቀ ዱባ ወደ ውስጥ ገብቷል። ደሙ የስሚንቶውን ስንጥቅ ተከትሎ እስከ ደጃፉ ወርዶ፣ እዚያ ረግቶ፣ ዝንብ ለብሷል። አጠገቡ ስታቢላይዘሩ ወድቋል። ስታቢላይዘር መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ኮምፒውተር እንዳይቃጠል የሚያስተካክል የብረት ሣጥን ነው፤ ክብደቱ ከወፍጮ መጅ አያንስም። አንዱ ማዕዘኑ ላይ ፀጉር ከነቆዳው ተለጥፎበታል። ኮምፒውተሩን እንዲጠብቅ የተገዛ ዕቃ ባለቤቱን ገደለ ማለት ነው።

ኢንስፔክተር አይናዲስ ስትደርስ ሕዝቡ በሩን ሞልቶት ነበር። አይናዲስ ቁመቷ አጭር ምላሷ ረጅም ነው ይባላል፤ ቁመቷን በዓይናቸው አይተው፣ ምላሷን ቀምሰው። ወንዶቹን አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራች፣ የእያንዳንዱን ሚስት ሄዳ ስለ ምን እንደምትጠይቅ ስትነግራቸው ደጁ ባዶ ሆነ።

ከእሷ ጋር የመጣው ሳጅን ፍሥሐ ነው። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ደም ሲያይ ግን ግድግዳ ይደገፋል። ግድግዳውን እንደተደገፈ ያየውን ነገራት፦ አንድ የብሎን መፍቻ ከሬሳው አጠገብ፣ አንድ የማይሠራ ኮምፒውተር፣ አንድ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ጠረጴዛው ሥር፣ አንድ እራፊ ጨርቅ። ፕላስቲኩንና ጨርቁን አንሥቶ ወደ ደጅ ሊጥል ሲል እጁን ያዘችው።

«ቆሻሻ እኮ ነው» አላት።

«ሰው የተገደለበት ቤት ውስጥ ቆሻሻ የሚባል የለም። አስቀምጠው።»

ጨርቁን ራሷ አየችው። ከነጠላ ጫፍ የተቀደደ ነው፤ አረንጓዴ ጥለት አለው። ተጠቅልሎ እንደ ቡሽ ጠጥሯል፤ የፕላስቲኩ መወተፊያ ነበረ። ኪሷ ከተተችው። ከዚያ የኮምፒውተሩን ማስነሻ ተጫነች። ምንም። ደግማ ተጫነች። እንደ ባለቤቱ ዝም አለ።

*

የብሎን መፍቻው ባለቤት ለማግኘት አላስቸገረም። እጀታው ላይ በምስማር «ይታያል» ተብሎ ተጭሯል። ይታያል ሉማሜ የሚኖር የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። የአለበል ኮምፒውተር አልነሣም ብሎ ከሰነበተ በኋላ፣ ትናንት ሲጠግን ውሎ በማታው የመጨረሻ ሚኒባስ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ፖሊስ ሉማሜ ሄዶ ከአልጋው አወረደውና ወደ ደብረ ማርቆስ አመጣው። ወሬው ግን ከፖሊስ መኪና ይፈጥናል። መናኸሪያው ጋ መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ሕዝቡ በሩን ከፍቶ ጎተተው። ፖሊሶቹ መልሰው እስኪነጥቁት ድረስ አንድ ዓይኑ ተደፈነ፣ ሁለት ጥርሱ ረገፈ፣ አንዷ ሴትዮ በጃንጥላ ጆሮውን ሰነጠቀችው። ሴትዮዋ አለበልን አታውቀውም።

አይናዲስ ፊት ሲያስቀምጡት ሸሚዙ ደም በደም ነበር። አብዛኛው የዛሬ ነው። የቀኝ እጅጌው ጫፍ ላይ ያለው ግን የደረቀ፣ የትናንት ደም ነው።

ነገሩን አንድ በአንድ አስነገረችው። ከአለበል ጋር ተጣልተዋል? ተጣልተዋል። አለበል «ደህናውን ዕቃ አውጥተህ አሮጌ ከተትክብኝ» እያለ ሲጮህ ግማሹ መናኸሪያ ሰምቷል። እጅጌው ጫፍ ላይ ያለው ደም የማን ነው? የራሱ ነው፤ የኮምፒውተሩን ሣጥን ሲከፍት ቆርቆሮው ጣቱን ቆርጦታል። መፍቻውን ለምን ጥሎ ሄደ? ሚኒባሱ ጡሩምባውን ሲነፋ ተጣድፎ ረሳው።

«ስሄድ ግን ኮምፒውተሩ ይሠራ ነበር» አላት። በወደቀው ጥርሱ በኩል ምራቁ ከደም ጋር ይወጣል። «ፓወር ሰፕላዩ ነበር የሞተው፣ መብራት የሚያከፋፍለው ሣጥን። ሌላ ቀየርኩለት። ተነሣለት። ሳቀ። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ መዝሙር ከፈተ። እኔ ስወጣ መዝሙሩ እየተሰማ ነበር።»

«ኮምፒውተሩን ዛሬ ጠዋት ነክቼዋለሁ። ሞቷል።»

ይታያል በደህናው ዓይኑ አያት። «እንግዲያው እኔም ሞቻለሁ» አለ።

የጣቢያው አዛዥም ያው ነው ያሰበው። ሠራሁት ያለው ካልሠራ ዋሽቷል፤ ከዋሸ ደግሞ ገድሏል። አዛዡ ነገር ሲያጥርለት ደስ ይለዋል።

ደጅ ላይ የሚጠብቁት ግን ከአዛዡም ያጠረ ነገር ነበራቸው። የአለበል ዘመዶች ከሮብ ገበያ በላይ ካለው አገራቸው በአይሱዙ ተጭነው መጥተዋል። ከፊት የቆመው ታናሽ ወንድሙ የኋላሸት ነው። ጢሙ ገና ያላለቀ፣ በግራ እግሩ የሚያነክስ፤ ከአይሱዙው ስወርድ ወለም አለኝ ይላል። በራሱ ላይ አፈር ነስንሷል። ጋቢው ሥር ደግሞ ዱላ የማይመስል ቀጥ ያለ ነገር አለ። የገዳዩን ደም ሳያይ ውኃ እንደማይቀምስ በአባቱ አጥንት ምሏል። ዘመዶቹም ተከትለው ማሉ።

አይናዲስ ወጥታ አነጋገረችው። አለበል ጠላት ነበረው ወይ፣ ከአገር ቤት መጥቶ የጎበኘው አለ ወይ አለችው። ከፋሲካ ወዲህ ከእነሱ አንድም ሰው ደብረ ማርቆስን እንዳልረገጠ ነገራት። ሲናገር ወደ እሷ ሳይሆን ይታያል ወዳለበት መስኮት ያያል።

«ወንድምህን የገደለው እሱ ባይሆንስ?»

«እሱ ካልሆነ ሌላውን አምጪልኝ፣ እመቤቴ። ካላመጣሽ ይኸው እሱ አለ።»

ተመልሳ ሳትገባ ከሕዝቡ መካከል ድንጋይ ተወረወረ። መስኮቱን ሰብሮ ገብቶ የሳጅን ፍሥሐን ግንባር ፈለጠው። ሳጅን ፍሥሐ የራሱን ደም አይቶ እዚያው ወንበሩ ላይ ተዝለፈለፈ።

አዛዡ ወሰነ። ቀብሩ እንዳለቀ እስረኛው በመኪና ወደ ማረሚያ ቤት ይሄዳል። አይናዲስ መኪናው እነዚያን ሰዎች ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው አለችው። አዛዡ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው አላት። ያ መኪና ማረሚያ ቤት እንደማይደርስ ሁለቱም ያውቃሉ። ይታያልም ያውቃል። ግድግዳው ስስ ነው።

*

ዘመዶቹ ሬሳውን ለመረከብ ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ፣ አይናዲስ ይታያልን በፒክአፕ ወለል ላይ አስተኝታ፣ ሸራ አልብሳ ወደ አለበል ሱቅ ወሰደችው። ሬሳው ተነሥቷል፤ ደሙ ግን አለ። እጁን ወደ ኋላ እንደታሰረ በሩ ጋ አቆመችው።

«ምንም አትነካም። አንተ ትናገራለህ፣ እኔ እሠራለሁ። ከዋሸኸኝ ይገባኛል።»

«ኮምፒውተር ያውቃሉ?»

«ውሸት አውቃለሁ።»

መጀመሪያ ሶኬቱን አይመኑት አላት። ከየብርጓል ሬዲዮ ተውሳ ሰካችበት፤ ሬዲዮው አወራ። መብራት አለ ማለት ነው። ገመዱን ደግሞ አይመኑት አላት። የፎቶ ኮፒውን ገመድ ነቅላ በዚያ ቀየረች፤ ማስነሻውን ተጫነች። ዝም። ጆሮዎን ከኋላው ያስጠጉ፣ ነፋስ የምታወጣዋ ማራገቢያ ትዞራለች ወይ አላት። አትዞርም። ጠረኑንስ ያሽትቱት። አሸተተች። የተቃጠለ ጎማ ይሸታል።

«አሁን ሣጥኑን ይክፈቱት» አለ። ድምፁ ቀጠነ። «ቀስ ይበሉ፣ ቆርቆሮው...»

ሳይጨርስ ቆርጧታል። ከሌባ ጣቷ የወጣው ደም በእጅጌዋ ጫፍ ላይ ወረደ። የይታያል ሸሚዝ ላይ ያለው ደም ያለው እዚያው ቦታ ነው። ይታያልን አየችው፤ የእጅጌውን ጫፍ አየችው፤ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። ከክሱ ላይ አንድ ነገር ረገፈ።

ሣጥኑ ውስጥ ባትሪ አበራች። አቧራ የለም፤ ትናንት በብሩሽ እንደጠረገው የነገራት እውነት ነው። ግን ከኋላ፣ ማራገቢያዋ ካለችበት ወንፊት ጀምሮ፣ ቀላ ያለ የደረቀ ነገር እንደ ጅረት ወርዷል። ፓወር ሰፕላዩን አልፎ፣ የኮምፒውተሩ ዕቃ ሁሉ እስከሚሰካበት ትልቅ ሰሌዳ ደርሷል። የሆነ ሰው ውኃ አፍስሶበታል። ተራ ውኃ ግን ሲደርቅ አፈር አይተውም።

ይታያል አንገቱን አስግጎ አየ። «ይህ ትናንት አልነበረም» አለ። «በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ውኃ ሲፈስ ነው እንዲህ የሚሆነው። እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው። እመቤቴ፣ ይህ እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው።»

«ወይም ሳትሄድ አንተው አፍስሰህበት።»

«የሠራሁትን? ለምን ብዬ?»

ከደረቀው ነገር በጥፍሯ ፍቃ አሸተተችው። አመድ ነው፤ ዕጣን ዕጣን ይላል። ልጅ ሆና ኩፍኝ ሲይዛት እናቷ ግንባሯ ላይ ይህንኑ ቀብታታለች። እምነት ነው፤ ከጸበል ቦታ የሚመጣ፣ በጸበል ተበጥብጦ በሽተኛ የሚቀባው።

ኮምፒውተሩን የሆነ ሰው ጸበል አጥምቆታል።

*

የብርጓል ጠዋት ቃሏን ስትሰጥ ምንም አልሰማሁም ብላ ነበር። አይናዲስ ተመልሳ ስትመጣባት ደግሞም አልሰማሁም አለች። ስለዚህ አይናዲስ ሌላ ነገር ጠየቀቻት፤ ትናንት ማታ መብራት ሄዶ ነበር ወይ አለቻት።

«እህ፣ መብራትማ ሁልጊዜ ይሄዳል። ይህም ይጠየቃል?»

«መቼ ሄደ?»

የብርጓል አሰበች። የሉማሜው ሚኒባስ ከወጣ በኋላ ነው። ይታያል ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲሮጥ አይታዋለች፤ ረዳቱ አንገቱን ይዞ ወደ ውስጥ ወርውሮታል። ከዚያ ግድግዳው ማዶ የአለበል መዝሙር ሲሰማ ቆየ፤ ኮምፒውተሩ ዳነለት ብላ ደስ አላት። አንድ ሰውም ገብቷል፤ ድምፅ ሰምታለች፣ ማን እንደሆነ ግን አላየችም። ከዚያ ጷ አለ፣ መዝሙሩ ተቆረጠ፣ የእሷም አምፖል ጠፋ። ሻማ ስትፈልግ ወንበር ሲወድቅ፣ አለበል ሲሳደብ ሰማች፤ በጨለማ ተደናቅፎ ነው ብላ ሳቀች። ቀና ስትል ከመንገዱ ማዶ ያሉት ቤቶች መብራት አላቸው። የሁለቱ ሱቅ ቆጣሪ አንድ ስለሆነ እሷው ሄዳ ማብሪያውን መለሰችው። ያኔ የአለበል ቤት ጸጥ ብሎ ነበር።

«ይህን ጠዋት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሰው ሞቶ ስለ መብራት ላውራ?» አለች የብርጓል። ነገሩ ሲገባት ፊቷ ተቀየረ። «ስስቅ ነበር እኮ የሞተው። እኔ ሻማ ይዤ ስስቅ።»

አይናዲስ የሚኒባሱን ረዳት አስጠርታ አረጋገጠች። ይታያል እስከ ሉማሜ ከጎኑ ተቀምጦ እየተንቀላፋ ትከሻው ላይ ለሃጩን ሲያዝረበርብ ነበር። ካቴናውን እዚያው ፒክአፑ ላይ ፈታችለት። ግን ለሕዝቡ «ሌላ ሰው ነው» ቢሉት ማነው ይላል። ለዚያ ሌላ ሰው ስም ከሌላት ይታያል ያው ሬሳ ነው። ሸራውን መልሳ አለበሰችውና ወደ ጣቢያው ላከችው። ካቴናው በእጇ ቀረ።

የጸበሉን ነገር ስትጠይቅ የብርጓል ሳታቅማማ አንድ ስም ጠራች። ከመናኸሪያው ጀርባ ዜማ የሚያስተምሩት መሪጌታ ገዳሙ ከአለበል ጋር ዓመት ሙሉ ሲጣሉ ነው የኖሩት። የአለበል ድምፅ ማጉያ የተማሪዎቻቸውን ዜማ እያበላሸ አስቸግሯቸዋል። አንድ ቀን መቋሚያቸውን ይዘው ገብተው «ይህን ሣጥን እግዜር አንድ ቀን ዝም ያሰኘዋል» ብለውታል። ሕዝብ ሰምቷል።

አይናዲስ መሪጌታን ከዛፍ ሥር ከተማሪዎቻቸው መካከል አገኘቻቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ክንዳቸው ግን እንደ ግንድ ነው። ስታቢላይዘር ቀርቶ ፎቶ ኮፒውን ያነሣሉ።

ብያለሁ አሉ። ዝም ያሰኘዋል ብያለሁ፣ ሣጥኑን እንጂ ሰውየውን አላልኩም አሉ። ትናንት ማታ ሰርክ ጸሎት ላይ ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሰው አይቷቸዋል፤ ድምፃቸው እስካሁን እንደጎረነነ ነው። አይናዲስ በወረቀት የቋጠረችውን እምነት ዘርግታ አሳየቻቸው። በጣታቸው አሽተው፣ ወደ ብርሃን አዙረው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የእኛ አይደለም። የእኛ ነጭ ነው። ይህ ቀይ አፈር አለበት።»

«የየት ነው እንግዲያ?»

«ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ተራራ ሥር አንዲት ኪዳነ ምሕረት አለች። እምነቱን ከጸበሉ አፋፍ አፈር ጋር የሚለውሱት እዚያ ናቸው። የአለበል አገር ነው። ይልቅ እሱ ጸበል አያምንም ነበር። የአባቱን በሬ ሸጦ ያንን ሣጥን የገዛ ሰው፣ ምኑን ያምናል?» ካሉ በኋላ ሟች መሆኑን አስታውሰው አማተቡ።

«የአባቱን በሬ?»

«ሁለት በሬ ነበር። አንዱን ወስዶ ሸጠው። ታናሹ ባንድ በሬ ቀርቶ ከጎረቤት ጋር እያቀናጀ ያርሳል። ጥማዱን እንዲህ ለያየው።»

አይናዲስ አመስግና ወጣች። አሁን ገዳዩ ከየት እንደመጣ ታውቃለች። ችግሩ፣ ከዚያ አገር አንድ አይሱዙ ሙሉ ሰው መጥቷል።

*

ቀብሩ ጋ ስትደርስ አፈሩን ማልበስ ጀምረዋል። ወንዶቹ በአንድ ወገን ቆመዋል፤ አፈሩ እየሞላ በሄደ ቁጥር ዓይናቸው ወደ ጣቢያው መንገድ ይሄዳል። አካፋ የሌለው ሰው ሁሉ ዱላ አለው። የኋላሸት ከመቃብሩ ራስጌ ላይ ቆሞ፣ ጋቢውን አጥብቆ ይዟል፤ ከንፈሩ በጥማት ተሰነጣጥቋል። መሐላውን ጠብቋል።

እናትየው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እማማ አመተ ሥላሴ ይባላሉ፤ ልቅሶው ጉሮሯቸውን ዘግቶት ሹክሹክታ ብቻ ቀርቷቸዋል። አይናዲስ ከአጠገባቸው ተንበረከከች። ልታጽናናቸው ነበር። ቀና ስትል ግን ነጠላቸውን አየች።

በደህናው ቀን የነጠላ ጥለት ወደ ታች ነው፤ ጫፉ ቢቀደድ ቀሚስ ውስጥ ይጠፋል። ለሐዘን ግን ይገለበጣል፤ ጥለቱ ወደ ላይ ይወጣና ፊትን ይከባል። የእማማ አመተ ሥላሴ ጥለት አረንጓዴ ነው። በግራ ጉንጫቸው በኩል፣ ልክ ዓይን የሚያርፍበት ላይ፣ አንድ መዳፍ የሚያህል ጎድሎ ክሩ ተንጠልጥሏል።

አይናዲስ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ ጨርቁን ጨበጠችው። አላወጣችውም። እናትን እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ደስ አይልም፤ ግን አካፋው እየፈጠነ ነው።

«እማማ» አለቻቸው፣ «አለበል ኮምፒውተሩ ታሞበት እንደነበር ሰምተው ነበር?»

አሮጊቷ በእንባ መካከል ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰምተዋል። ሰው ነግሯቸዋል፤ እንጀራው እሱ ነው፣ አልነሣም ብሎ ተኝቷል ብለው። በሬው ነው እኮ፣ አሉ። የአባቱ በሬ ነው። በሬ ሲታመም ጸበል ይረጫል። እሳቸውም ከኪዳነ ምሕረት ቀድተው፣ እምነቱን በጥብጠው፣ ክዳን ቢያጡ ከነጠላቸው ቀደው ወትፈው ላኩለት። ሁለቱ ወንድማማች እንደተኳረፉ ነበሩ፤ በዚያው ይታረቁልኛል ብለው ነው።

«ከማን ጋር ላኩት?»

«ከታናሹ ጋር ነዋ፤ ከየኋላሸት። ሳታፈስ እንዳትመጣ ብዬ አስምዬ።» የአይናዲስን እጅ ያዙ። «ልጄ፣ እሱን ሳልጠይቀው መርዶው ደረሰ፤ ጸበሉ ደርሶለት ነበር? ሳይሞት ደርሶለት ነበር?»

አካፋው ቆመ። ቃሉ ለሹክሹክታ ትልቅ ነበር፤ በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። ከፋሲካ ወዲህ አንድም ሰው አልረገጠም ያለው የኋላሸት ነው፤ አብረውት የመጡት ሁሉ ዞረው አዩት። ወለም ያለውን እግሩንም አዩ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ጮቄ ሥር ሌሊቱን በእግሩ የወጣ ሰው እንዲህ ነው የሚያነክሰው።

«ደርሷል፣ እማማ» አለች አይናዲስ። ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል።

የኋላሸት ጋቢውን ጣለ። ከሥሩ ጠመንጃ ወጣ፤ ሰው ሁሉ መቃብር እየረገጠ ተበተነ። አይናዲስ ብቻ ከእናትየው አጠገብ ተነሥታ ቆመች፤ ብትቆምም ያን ያህል አልረዘመችም።

«ማሽኑ ድኗል አለኝ» አለ የኋላሸት። የሚያወራው ከእናቱ ጋር ነው። «እየሳቀ። ውኃውን ውጭ ድፋው አለኝ። ምዬልሽ የለ? ሳላፈስ እንዴት ልመለስ? ሣጥኑ በኋላው ሲተነፍስ አየሁት፤ ትንፋሹ ላይ አፈሰስኩት። ጮኸ። ጨለመ። በጨለማው ወንድሜ በጥፊ መታኝ። እኔን ቢሰድበኝ ለምጄዋለሁ፤ አንቺን ሰደበ። ደንቆሮ አለሽ፤ በሬዬን ገደላችሁብኝ አለ። በሬውን የሸጠ እሱ። እጄ የሆነ ብረት አገኘ። ስንቴ እንደመታሁት አላውቅም፣ እማ፤ አላየሁትም። ዝም እስኪል ነው የመታሁት።»

ከዘመዶቹ አንዱ ሽማግሌ ዱላውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። የወንድምን ደም የሚመልሰው ወንድም ነው፤ አሁን ግን ማን በማን ላይ?

እሱ ቀድሞ አስቦበታል። የጠመንጃውን አፍ አገጩ ሥር ደቀነ። «የገዳዩን ደም ሳላይ ውኃ አልቀምስም ብዬ ምያለሁ» አለ። እጁ ቃታውን ሲፈልግ አይናዲስ ዘላ አፈሙዙን በሁለት እጇ ወደ ላይ መታችው። ጥይቱ የጆሮውን ግማሽ ይዞ ከመቃብሩ አጠገብ ወዳለው የጽድ ዛፍ ወጣ። ጽዱ ቅርንጫፍ ጣለ። አንድ ላይ ወደቁ፤ እሱ ከላይ፣ እሷ ከታች፣ አዲሱ መቃብር ላይ። በጥርሷ ክንዱን ነከሰችው፤ ጠመንጃውን እስኪለቅ አልለቀቀችውም። ከዚያ በእጇ የቀረውን ካቴና፣ የይታያልን ካቴና፣ ደም እየረጨባት አሰረችበት። ሳጅን ፍሥሐ ግንባሩን እንደታሰረ ሮጦ ሲደርስ ሥራው አልቆ ነበር፤ ደሙን አይቶ ጽዱን ተደገፈ።

ሲወስዱት ዘመዶቹ ገለል ብለው መንገድ ሰጡ። ይታያልን ሊቆርጡ የተሰለፉበት ያው መንገድ ነው። የኋላሸት ውኃ ለመነ። አንዱ ፖሊስ ከኮዳው አጠጣው። ጠጣ።

አይናዲስ ወደ እናትየው ተመለሰች። ልብሷ አፈር፣ አፏ ደም ነው። ከኪሷ ያንን እራፊ አውጥታ ምን እንደምታደርገው ግራ ገባት። ለዐቃቤ ሕግ የሚቀርብ ማስረጃ ነው፤ የእሳቸውም ነጠላ ነው። እማማ አመተ ሥላሴ ጨርቁን አዩት፤ ሳይነኩት በጣታቸው የተቀደደውን የነጠላቸውን ጠርዝ ዳበሱ።

«የታመመው ማሽኑ ነው ብለውኝ ነበር» አሉ።

አይናዲስ ጨርቁን መልሳ ኪሷ ከተተችው። ጎንበስ ብላ ነጠላቸውን አስተካከለችላቸው። የተቀደደውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጠፈችው፤ ሰው እንዳያየው።